ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ በሕግ የሚወጣው እንዴት ነው? ከደብረ ማርቆስ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ግቢዬ ውስጥ ያለውን ባለሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ለአንድ ባለትዳር በወር 3,000 ብር አከራይቻለሁ። የአንድ ዓመት ውል ጽፈን ነበር። ዓመቱ ካለቀ ወራት ቢያልፉም አዲስ ውል አልጻፍንም፤ እሱም እየከፈለ ይኖር ነበር። አሁን ግን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለውን የአራት ወር ኪራይ አልሰጠኝም። ልጄም ትምህርቱን ጨርሶ ሊመጣ ስለሆነ ቤቱን እፈልገዋለሁ። ቀበሌ ብሄድ በሽማግሌ ጨርሱት አሉኝ። ወንድሜ ደግሞ ውሉ አልቋል፣ መብራቱን አጥፊበት፣ ሲወጣ ጠብቀሽ በሩን በሌላ ቁልፍ ቆልፊው ይለኛል። ጎረቤት ብዙ ከቆየ ቤቱን ይወስድብሻል እያለ ያስፈራራኛል። በሕግ እንዴት ነው የማስወጣው?»

ምላሽ፦ የወንድምዎን ምክር አይቀበሉ። ቤቱ የእርስዎ መሆኑ፣ ውሉ ማለቁም ሆነ ተከራዩ ዕዳ ያለበት መሆኑ በሩን በራስዎ ሥልጣን ለመቆለፍ አያበቃዎትም። ተከራዩ የቤቱ ባለቤት ባይሆንም ቤቱን በእጁ አድርጎ የያዘ ሰው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 ደግሞ ይዞታው የተነጠቀበት ወይም ሁከት የተፈጠረበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ከሶ እንዲመለስለትና ሁከቱ እንዲቆም የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። በሁከት ይወገድልኝ ክስ ላይ ፍርድ ቤቱ የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ ሰውየው ቤቱን ይዞ ነበር ወይ? ያለፈቃዱ ተነጥቋል ወይ? «አራት ወር አልከፈለኝም» ማለት ለዚህ ክስ መልስ አይሆንም። ውጤቱ ዕዳ ያለበት ሰው ከሳሽ፣ ገንዘቧ የቀረባት ባለቤት ተከሳሽ መሆን ነው። ተከራዩ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተመልሶ ይገባል፣ እርስዎም ኪሳራ ይከፍላሉ፣ የማስለቀቁ ጉዳይ ግን ከዜሮ ይጀምራል።

መብራትና ውኃ መቁረጥም ከዚሁ የሚለይ አይደለም። ቆጣሪው በእርስዎ ስም መሆኑ ወይም ካርዱን የሚሞሉት እርስዎ መሆንዎ ነገሩን አይለውጠውም፤ በውሉ ከኪራዩ ጋር የተሰጠውን አገልግሎት ለማስወጣት ብሎ መቁረጥ ሁከት ነው። ተከራዩ የመብራት ድርሻውን ካልከፈለ እሱም እንደ ኪራዩ በዕዳነት ተመዝግቦ በክሱ ይጠየቃል። ተከራዩ በሌለበት ወደ ክፍሉ መግባት፣ በር መንቀል፣ ዕቃውን አውጥቶ ግቢ ላይ መከመር ደግሞ ከፍትሐ ብሔር አልፎ ወደ ወንጀል ይወስዳል። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 604 የሚጠብቀው በቤቱ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚኖረውን ሰው ነው፤ ያ ሰው ተከራይ ሊሆን ይችላል። ዕቃውን ለዕዳው ማስያዣ ብለው አውጥተው ካስቀመጡት ደግሞ «ወርቅ ነበረኝ፣ ገንዘብ ነበረኝ» የሚል ክርክር ይከተልዎታል፤ ምን እንደነበረ የሚያሳይ ዝርዝር ስለሌለ ራስዎን ለመከላከል ይቸገራሉ። ተከራዩ ዕቃውን አሽሽቶ ሊጠፋ ነው የሚል እውነተኛ ሥጋት ካለዎት ከክሱ ጋር ንብረቱ ከፍርድ በፊት እንዲከበር፣ ማለትም እንዳይሸሽ በትእዛዝ እንዲያዝ፣ ፍርድ ቤቱን ይጠይቁ። አንድ ነገር አጥብቄ ልጨምር፦ በአሁኑ ጊዜ መሣሪያ የያዘ ሰው ማግኘት ቀላል በሆነበት አካባቢ ተከራይን በታጠቀ ዘመድ ወይም ጎረቤት ማስፈራራት የኪራይን ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ያደርገዋል። በምንም ምክንያት አያድርጉት።

አሁን ውልዎ ያለበትን ሁኔታ እንየው፤ የሚከተለው እርምጃ ሁሉ በዚህ ላይ ይመሠረታል። ወንድምዎ «ውሉ አልቋል» ያለው በከፊል ብቻ ትክክል ነው። የተወሰነ ጊዜ ውል ካለቀ በኋላ ተከራዩ አከራዩ እያወቀና ሳይቃወም በቤቱ ሲቀጥል ውሉ በዝምታ ታድሶ ጊዜው ያልተወሰነ ውል ይሆናል። ኪራዩ፣ የመክፈያው ቀንና ሌሎቹ ግዴታዎች እንደነበሩ ይቀጥላሉ፤ የተለወጠው የዘመኑ ገደብ ብቻ ነው። እርስዎ ከዓመቱ ማለቅ በኋላ ኪራይ ስለተቀበሉ ሰውየው ዛሬም ተከራይዎ ነው፣ ወራሪ አይደለም። ውል በጽሑፍ ጨርሶ ባይኖርም ኖሮ መልሱ ያው ነበር። «ውል የለንም፣ ስለዚህ ተከራይ አይባልም» የሚለው አባባል ስንቱን አከራይ አሳስቷል፤ በቃል የተደረገ የቤት ኪራይም ውል ነው።

ጊዜው ያልተወሰነ መሆኑ ለእርስዎ ጥቅም አለው። እንዲህ ያለውን ውል ከሁለቱ ወገን ማንኛውም ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊያቋርጠው ይችላል፤ ምክንያት ማቅረብ አይጠበቅበትም። ስለዚህ የልጅዎን መምጣት ማስረዳትም ሆነ ሌላ ቤት እንደሌለው ማረጋገጥ አያስፈልግዎትም። ውሉ ገና ያላለቀ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ውል ቢሆን ኖሮ ግን «ለልጄ ፈለግሁት» የሚለው ብቻውን አያስወጣውም ነበር፤ ውሉ ራሱ ይህን የሚፈቅድ አንቀጽ ከሌለው በስተቀር ዘመኑ እስኪያልቅ መጠበቅ ወይም ሌላ የሕግ ምክንያት ማግኘት ግድ ነው።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለዎት። አንደኛው ኪራይ ባለመክፈል ውሉን ማፍረስ፣ ሁለተኛው ጊዜው ያልተወሰነውን ውል በማስጠንቀቂያ ማቋረጥ። አብዛኛው አከራይ አንዱን ብቻ ይመርጥና ሲከሽፍበት እንደገና ይጀምራል። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ያጣምሩ።

ባለመክፈል የሚፈርሰው ውል የሚተዳደረው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2952 ነው። ኪራይ የዘገየበት አከራይ ለተከራዩ ዕዳውን እንዲከፍል ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ በተሰጠው ቀን ውስጥ ካልከፈለ ቀኑ ሲያልቅ ውሉን እንደሚያፈርስም በዚያው ይገልጽለታል። ውሉ ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ የተደረገ ከሆነ የሚሰጠው ቀን ከአንድ ወር፣ ከዚያ ላነሰ ጊዜ ከሆነ ከ15 ቀን ማነስ የለበትም። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር፣ ወይም «ኪራይ ባለፈ በማግስቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወጣል» የሚል የውል ቃል ዋጋ የለውም። ከደላላ እጅ በተገኘ ቅጽ ላይ ይህን ዓይነት ቃል ደጋግመው ያገኙታል፤ በፊርማ የጸና መስሎት በእሱ ተማምኖ የሚከስ ሰው ይሸነፋል። የእርስዎ ውል መጀመሪያ የአንድ ዓመት ሆኖ በኋላ ያልተወሰነ ስለሆነ «15 ቀን ይበቃል ወይስ ወር?» የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ወር ይስጡ፤ ለ15 ቀን ብለው የክርክር በር አይክፈቱ።

ደብዳቤው ላይ የሚሳሳቱት ብዙ ናቸው። በጣም የተለመደው ስሕተት «ያለብህን ዕዳ በአስቸኳይ ክፈል» ብሎ መጻፍ ነው። ይህ የዕዳ መጠየቂያ እንጂ የውል ማፍረሻ ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ ካልተከፈለ ውሉ እንደሚፈርስ አይናገርም፣ የመጨረሻውንም ቀን አይወስንም። በደብዳቤው ላይ የጻፉበት ቀን፣ የእርስዎና የተከራዩ ሙሉ ስም፣ ቤቱ ያለበት ቀበሌና የቤት ቁጥር (ሰርቪሱ ከዋናው ቤት ተለይቶ እንዲታወቅ «በግቢው ውስጥ ያለው ባለሁለት ክፍል ሰርቪስ» ተብሎ)፣ ያልተከፈሉት ወራት በየስማቸው፣ የወሩ ኪራይና ድምሩ ይግባ። በእርስዎ ጉዳይ ደብዳቤው ጥር 1 ቀን ቢሰጥ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «የመስከረም፣ የጥቅምት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ወር ኪራይ በወር 3,000 ብር ሒሳብ ጠቅላላ 12,000 ብር እስከ የካቲት 5 ቀን እንዲከፍሉ፤ እስከዚያ ቀን ካልከፈሉ የኪራይ ውላችን በዚሁ ቀን የሚፈርስ መሆኑን፤ ዕዳውን ቢከፍሉም እንኳ ጊዜው ያልተወሰነውን ውል ለመቀጠል ስለማልፈልግ ውሉ የካቲት 30 ቀን የሚያበቃ መሆኑንና እስከዚያ ቀን ቤቱን ለቀው እንዲያስረክቡ አስጠነቅቃለሁ።» የመጀመሪያው ቀን ከወር ጥቂት ቀናት የሚተርፈው ደብዳቤው ሁለትና ሦስት ቀን ዘግይቶ ቢደርስ እንኳ ወሩ እንዳይጎድል ነው። ሁለተኛው ቀን በወር መጨረሻ የዋለው ደግሞ ጊዜ ያልተወሰነለት ውል የሚቋረጠው ከኪራይ መክፈያው ጊዜ ጋር ተያይዞ ስለሆነና ከደብዳቤው በኋላ ሙሉ የኪራይ ወር እንዲያልፍ ስለሚገባ ነው። በወር መሐል አስወጣለሁ ማለት ያለ ጥቅም ያከራክራል።

አንድ ነገር ይገንዘቡ፤ ተከራዩ እስከ የካቲት 5 ድረስ 12,000 ብሩን ሙሉ በሙሉ ከከፈለ ባለመክፈል ማፍረስ የሚባለው ምክንያት ይሞታል። ሁለተኛው ምክንያት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ግማሹን ከከፈለ ግን ዕዳው ስላልተጠናቀቀ የመጀመሪያውም ይቀጥላል፤ ቢሆንም የተቀበሉበትን መንገድ ይጠንቀቁ። ከቀኑ በኋላ ገንዘብ ዝም ብሎ መቀበል «አከራዬ ይቅር ብላኝ ውሉ ቀጥሏል» የሚል መከላከያ ይሰጠዋል። ገንዘቡን አይመልሱ፣ ነገር ግን በደረሰኙ ላይ «የመስከረምና የጥቅምት ወር ውዝፍ ኪራይ ብቻ፤ የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ አያስቀርም» ብለው ጽፈው ሁለታችሁም ፈርሙበት። በባንክ ወይም በሞባይል የሚከፍል ከሆነ ገንዘቡ በገባበት ቀን ያንኑ ቃል በጽሑፍ መልእክት ይላኩለት።

ደብዳቤውን በሦስት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን ለተከራዩ ሲሰጡት በቀሪው ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ቀኑን ጽፎ ይፈርም። አልፈርምም ካለ፣ ይህም የተለመደ ነው፣ ሁለት ሰዎች ባሉበት ይስጡትና እነሱ በቅጂው ላይ ስማቸውን፣ ቀኑንና «በፊታችን ተሰጥቶት አልፈርምም ብሏል» የሚለውን ጽፈው ይፈርሙ። ምስክሮቹ ወንድምዎና ልጅዎ ባይሆኑ ይሻላል፤ የዕድር ወይም የመንደር ሰው የሰጠው ቃል በዳኛ ፊት የበለጠ ይታመናል። ከፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ መላክም ጥሩ ማስረጃ ነው፤ የፖስታውን ደረሰኝ አይጣሉ። በስልክ መናገር ብቻውን አይበቃም። የሕጉ ቁጥር 1773 ማስጠንቀቂያን በአንድ ዓይነት መልክ አልወሰነውም፤ ተከራዩ «አላየሁም» ቢል ግን የሚያስረዳው ከእርስዎ እጅ ያለው ወረቀት ነው።

ቀበሌው «በሽማግሌ ጨርሱት» ማለቱ አያስከፋም፤ እንዲያውም ይጠቀሙበት። ነገር ግን ቀበሌውም ሽማግሌዎቹም ውል የማፍረስ ወይም ሰውን ከቤት የማስወጣት ሥልጣን የላቸውም። የቀበሌ ሊቀ መንበር በቃል «ውጣ» ስላለ፣ ወይም ፖሊስ ቤቱ ድረስ መጥቶ ስለተናገረ ተከራዩ የመውጣት ግዴታ የለበትም፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ዕቃ ቢወጣም ተጠያቂነቱ ወደ እርስዎ ይመለሳል። ሽምግልናው የሚረባው ስምምነት ከተገኘበት ነው። ስሌቱን እንይ፦ ተከራዩ 12,000 ብር አለበት። ጉዳዩ በፍርድ ቤት አራት ወር ቢቆይ ሌላ 12,000 ብር ይጨምራል፤ ፍርዱን ቢያገኙም ሰውየው የሚያዝ ንብረት ከሌለው በወረቀት ላይ ይቀራል። «እስከ የካቲት 30 ከወጣህ የሁለት ወሩን 6,000 ብር ትቼልሃለሁ፣ ቀሪውን 6,000 በሦስት ወር ትከፍላለህ» የሚል ስምምነት ብዙ ጊዜ ከሙሉ ፍርድ ይበልጣል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሆኑ እስከ ሰኔ መጨረሻ ማቆየትም የሚታሰብ ነው፣ የየወሩን ኪራይ በጊዜው እስከከፈለ ድረስ። ስምምነቱን ግን በእጅ መጨባበጥ አይተዉት። የሚወጣበት ቀን፣ የዕዳው ልክ፣ የሚከፈልበት ጊዜና የሽማግሌዎቹ ስም ተጽፎ ይፈረም። ክስ ከተመሠረተ በኋላ የተስማማችሁ ከሆነ ስምምነቱን ለፍርድ ቤቱ አቅርቡትና ይመዝገብ፤ ከዚያ በኋላ ቢጥሰው አዲስ ክስ ሳያስፈልግ በቀጥታ ወደ አፈጻጸም፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን በተግባር ወደሚያስፈጽምበት ደረጃ፣ ይሄዳል። ሽምግልናው እየተካሄደ የማስጠንቀቂያው ቀን ይቁጠር፤ «ሽማግሌ ገብቷል» ተብሎ ደብዳቤው እንዲዘገይ አይፍቀዱ።

ቀኑ አልፎ ካልወጣ ክሱ የሚቀርበው ቤቱ ባለበት ቦታ ላለው የወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ተከራዩ ከተማ ቢቀይር ወይም ሥራው ባሕር ዳር ቢሆን የማይንቀሳቀስ ንብረት ክርክር ከቤቱ ቦታ አይርቅም። ክሱን የሚጽፍልዎት ጠበቃም ሆነ ራፖር ጸሐፊ በዳኝነት ጥያቄው ውስጥ አምስት ነገር እንዲያስገባ ይቆጣጠሩ። ውሉ መፍረሱ ወይም መቋረጡ ይረጋገጥ፤ ተከሳሹ ቤቱን ለቆ ያስረክብ፤ ያልተከፈለው ኪራይ ይከፈል፤ ክሱ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ቤቱን እስኪያስረክብ ድረስ በወር 3,000 ብር ይታሰብ፤ ወጪና ኪሳራ ይተካ። አራተኛውን የሚረሳው ሰው ብዙ ነው፤ ፍርድ ቤት ያልተጠየቀውን አይፈርድምና ክርክሩ በቆየበት ወራት ያለው ገንዘብ ይቀርብዎታል። ዕዳውንም ከፋፍለው «አሁን የአራት ወሩን፣ ቀሪውን በኋላ» ብለው አያስቀሩ፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንድ ምክንያት የሚመነጭ ጥያቄ ባንድነት እንዲቀርብ ይፈልጋል፣ የተተወው ቁራጭ በኋላ ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል። በመጋቢት መጀመሪያ የሚከሱ ከሆነ የጥርንና የየካቲትን ጨምረው 18,000 ብር ነው የሚጠይቁት። የዳኝነት ክፍያው በሚጠይቁት ገንዘብ ልክ ስለሚሰላ ከሬጅስትራር ጠይቀው ገንዘቡን ይዘው ይሂዱ።

ከአቤቱታው ጋር የማስረጃ ዝርዝር ይያያዛል። የመጀመሪያው የኪራይ ውል፣ ማስጠንቀቂያው ከነፊርማው ወይም ከምስክሮቹ ጋር፣ የደረሰኞች ቅጂ፣ ኪራይ በባንክ ሲገባ ከነበረ የባንክ መግለጫ፣ የቤቱ ካርታ ወይም የባለቤትነት ደብተር፣ የምስክሮች ስምና አድራሻ። የባለቤትነት ሰነዱ በሟች አባትዎ ወይም እናትዎ ስም ያለ ከሆነ፣ ጎጃም ውስጥ የብዙ ግቢ ሁኔታ ይህ ነው፣ የወራሽነት ማረጋገጫ ቀድመው ያውጡ። ውሉን የፈረሙት እርስዎ ከሆኑ በአከራይነትዎ ሊከሱ ይችላሉ፤ ነገር ግን ተከራዩ «ባለቤቷ እሷ አይደለችም» ብሎ ቀጠሮ እንዳያባክን ሰነዱ በእጅዎ ይሁን። ወንድምዎ በእርስዎ ፋንታ የሚከራከር ከሆነ የመክሰስና የመከራከር ቃል በግልጽ የተጻፈበት የተረጋገጠ ውክልና ይኑረው፤ «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» የሚል ብቻ ያለበት ውክልና በፍርድ ቤት በር ላይ ይመልሰዋል።

በኪራይ ክርክር ከሚሸነፉት አከራዮች አንዱ ዓይነት ግብር ለመቀነስ ብሎ በውሉ ላይ 1,000 ብር የጻፈው፣ በእጅ ግን 3,000 ብር የሚቀበለው ነው። የጽሑፍ ውል ካለ ከጽሑፉ ተቃራኒ የሆነውን በምስክር ማስረዳት አይፈቀድም፤ ስለዚህ የሚፈረድለት በ1,000 ብር ነው። የእርስዎ ውል እውነተኛውን ኪራይ ካልያዘ ከአሁኑ ይወቁት፤ በደብዳቤው ላይ ያለው ሒሳብ ከውሉ ጋር ከተጋጨ ተከራዩ መከላከያውን ከራስዎ ወረቀት ያገኛል። ሌላው ጥንቃቄ ጊዜ ነው። የቤት ኪራይ ዕዳ ሁለት ዓመት ካለፈው እንደተከፈለ የሚገመትበት ድንጋጌ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2024 አለ። «ዘመድ ነው፣ ይከፍለኛል» ብለው ዓመታት ያሳለፉ አከራዮች ቤቱን ቢያገኙም ገንዘቡን የሚያጡት በዚህ ነው።

መጥሪያው ለተከራዩ ከደረሰው በኋላ መልስ እንዲያቀርብ ቀን ይሰጠዋል። ሳይቀርብ ከቀረ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል፤ መጥሪያው በትክክል ካልደረሰው ግን በኋላ መጥቶ ፍርዱን ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ መጥሪያውን በቶሎ ለማድረስ ብለው ለልጁ ሰጥተው አይመለሱ፤ ራሱ ይፈርምበት። ተከራዩ የሚያነሣቸው መከላከያዎች ይታወቃሉ፤ «ከፍያለሁ፣ ደረሰኝ አልሰጠችኝም»፣ «ጣሪያውን በራሴ ገንዘብ አሳድሻለሁ»፣ «ሁለት ወር ቀብድ በእጇ አለ»። የመጀመሪያውን የሚመልሰው የባንክ መግለጫ ወይም የደረሰኝ ልማድ ነው። ሁለተኛው እውነት ከሆነ ከዕዳው ይቀነሳል፤ ቤት ውስጥ ለመቆየት ግን መብት አይሰጥም። በእጅዎ ያለ ቀብድ ካለ በአቤቱታው ላይ ራስዎ ይግለጹት፤ ተደብቆ በተከራዩ አፍ ሲወጣ የቀረውን ቃልዎን ሁሉ ያጠራጥራል።

ፍርድ ካገኙ በኋላም ቁልፉ አሁንም የተከራዩ ነው። ተሸናፊው ወገን በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ሊል ይችላል፤ በምሥራቅ ጎጃም ይግባኙ የሚሄደው ደብረ ማርቆስ ላለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ይግባኝ መባሉ ብቻውን አፈጻጸሙን አያቆምም፤ የእግድ ትእዛዝ ካልመጣ እርስዎ የአፈጻጸም መዝገብ ከፍተው ፍርዱ እንዲፈጸም ይጠይቃሉ። ፍርድ ቤቱ ተከራዩን ጠርቶ በተወሰነ ቀን እንዲያስረክብ ያዘዋል። እምቢ ካለ በትእዛዝ ፖሊስና የሚመለከተው ሠራተኛ በተገኙበት ይወጣል፤ በሩ ተቆልፎ ከተገኘ የሚከፈተው በትእዛዙ ነው፣ ዕቃውም በዝርዝር ይመዘገባል። በዚያ ቀን የቀበሌ ተወካይ እንዲገኝ ይጠይቁ፤ የቆጣሪውን ንባብ፣ የመስኮቱንና የበሩን ሁኔታ፣ የተረከቡትን ቁልፍ ብዛት ጽፋችሁ ፈርሙ። ፍርድን በአፈጻጸም ለመጠየቅ ያለው ጊዜ 10 ዓመት ስለሆነ ቤቱን ተረክበው ቀሪውን ገንዘብ በኋላ፣ ሰውየው ደሞዝ ወይም ንብረት ሲያገኝ መከታተል ይችላሉ። መንገድ በሚዘጋበትና ችሎት በሚታጎልበት ጊዜ ቀጠሮው ይራዘማል፤ ይህን አስቀድመው በሒሳብዎ ውስጥ ያስገቡት፣ ስለ ሽምግልናው የተነገረውም ክብደት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ጎረቤት ማስፈራሪያም መልስ ይገባዎታል። ተከራይ ብዙ ስለኖረ ባለቤት አይሆንም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1168 የማይንቀሳቀስ ንብረት በይርጋ (በጊዜ ርዝመት) የሚገኘው 15 ዓመት ሙሉ እንደ ባለቤት ይዞ ግብሩን በስሙ ለከፈለ ሰው ነው፤ ተከራይ ቤቱን የያዘው በእርስዎ ስም ነው እንጂ ለራሱ አይደለም። የቦታውን ግብር በየዓመቱ በራስዎ ስም ይክፈሉ፣ ደረሰኙን ያስቀምጡ፤ ተከራዩ «እኔ ልክፈልልሽ» ቢልዎት አይፍቀዱ።

ከመጻፍዎ በፊት የሚፈትሹት አንድ ነገር ይቀራል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በአዲስ አበባና በድሬዳዋ እንዲሁም ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ላይ የሚሠራ ሕግ ነው። በሚሠራበት ከተማ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል፣ ውል የሚቋረጥበትንም መንገድ አዋጁ ራሱ ይወስናል። እዚያ ከላይ የተባለው ጊዜ ያልተወሰነ ውል በማስጠንቀቂያ የማቋረጥ መንገድ እንዳለ አይወሰድም። ደብዳቤውን ከመጻፍዎ በፊት የከተማዎን የቤቶች ጽሕፈት ቤት አዋጁ በከተማው ተግባራዊ ሆኖ እንደሆነ ጠይቀው በጽሑፍ መልስ ያግኙ። ይህ ምላሽ የግል መኖሪያ ቤትን የሚመለከት ነው፤ የቀበሌ ቤት የሚተዳደረው በሌላ መንገድ ነው፣ ሱቅና መጋዘንም የራሳቸው ክርክር ስላላቸው በዚህ ብቻ ተመርተው አይክሰሱ።

እንግዲህ ቁርጡ ይህ ነው፤ በዚህ ሳምንት ቤቶች ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። አዋጁ በከተማዎ የማይሠራ ከሆነ ሁለቱን ምክንያቶች የያዘውን ደብዳቤ በሦስት ቅጂ አዘጋጅተው ሁለት ጎረቤት ባሉበት ይስጡት፤ በዚያው ቀን ሽማግሌ ይያዙና የመውጫ ቀን ያለው የጽሑፍ ስምምነት ያቅርቡለት። የካቲት 30 አልፎ ካልወጣ መጋቢት ሲጀምር ክሱን ይክፈቱ። እስከዚያ ድረስ ኪራይ ሲቀበሉ በደረሰኝ፣ ሲነጋገሩ በትሕትና፣ በሩንና ቆጣሪውን ግን አይንኩ።